አማና የሆነ ቃል፦ የሶማሌው ገጣሚ የሐድራዊ ሕይወትና ሥራ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ይህ ጽሑፍ በመስጊዳችን ለተሰበሰቡ ወጣቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። ኮሚቴው ለመታሰቢያው መጽሔት ይሆናል ስላለኝ ከቃል ወደ ጽሑፍ መልሼዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አንባቢ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

ለንግግሩ ምክንያት የሆነው አንድ ጥያቄ ነበር። ወጣቶቹ ለዒድ ዝግጅት ግጥም እናቅርብ ብለው ሲነሱ ከጀመዓው አንዳንድ ሰዎች «መስጊድንና ግጥምን ምን አገናኛቸው?» አሉ። ክርክሩ ሲበረታ ነገሩ ወደ እኔ መጣ። እውነቱን ልናገርና፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ እኔም ከከልካዮቹ ጋር እቆም ነበር። ግጥም የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ብዬ ወጣቶችን የመለስኩበት ጊዜ አለ።

ቁርኣን ውስጥ «አሽ-ሹዐራእ» የተባለ፣ ስሙም «ገጣሚዎቹ» ማለት የሆነ ሙሉ ሱራ አለ፤ 26ኛው ነው። በሱራው መጨረሻ የተወቀሱት በየሸለቆው የሚዋልሉና የማይሠሩትን የሚናገሩ ገጣሚዎች ናቸው። ብዙዎቻችን ንባባችንን እዚያ ላይ እናቆማለን። አንቀጹ ግን አያቆምም፤ ያመኑትን፣ መልካም የሠሩትን፣ አላህን አብዝተው ያወሱትንና ከተበደሉ በኋላ ራሳቸውን የተከላከሉትን ለይቶ ያወጣቸዋል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ሐሳን ኢብኑ ሳቢት የሚባል ገጣሚ ነበራቸው፤ መዲና መስጊድ ውስጥ ግጥም ያሰማ ነበር። ከዕብ ኢብኑ ዙሀይር መጥቶ ግጥሙን ባሰማ ጊዜም ካባቸውን እንደ ሸለሙት በሲራ መጻሕፍት ተወስቷል። እንግዲህ ልንጠይቅ የሚገባው «ግጥም ነው ወይ?» ብለን ሳይሆን «ይህ ሰው የማይሠራውን ይናገራል ወይ?» ብለን ነው። ይህን መለኪያ ይዤ በዘመናችን ከኖሩት አንዱን ልመዝን አሰብኩ። የመረጥኩት ጎረቤታችን የሆነውን ሶማሌውን ሙሐመድ ኢብራሂም ዋርሳሜን ነው። ሕዝቡ የሚያውቀው ሐድራዊ በሚለው ስሙ ነው።

ስሙን መጀመሪያ የሰማሁት ልጅ ሆኜ ድሬዳዋ ስቀራ ነው። አብሮኝ የሚቀራ አንድ የሶማሌ ልጅ ነበር። ማታ ሙጣለዓ አልቆ መብራት ከጠፋ በኋላ ተጋድሞ ግጥም ይል ነበር። ቋንቋውን በወጉ አላውቅም ነበር፤ አሁንም ሰባራ ነው የማውቀው። ከልቤ ያልወጣው ግን ልጁ አንድም ቀን ግጥሙን ዝም ብሎ ጀምሮ የማያውቅ መሆኑ ነው። በቅድሚያ የገጣሚውን ስም ይጠራል፤ ቀጥሎ እርሱ ከማን እንደ ሰማው ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። አንድ ሌሊት ሐድራዊ ስለ እናት የገጠመውን ሲል አንድ ቃል ስቶ ኖሮ አቆመና ከመጀመሪያው ጀመረ። «ምን ቸገረህ፣ እኔ እንደሆን አላውቅብህ» ብለው «ባለቤቱ አለ» አለኝ።

በኋላ ላይ ነው ይህ የልጁ ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት። በሶማሌዎች ዘንድ ግጥም በቃላቸው ይዘው ከአገር አገር የሚያዛምቱ ሰዎች አሉ። መጠሪያቸው የወጣው እኛ ለቁርኣን ከምንለው «ሒፍዝ» ከሚለው ቃል ነው። ያልጻፈ እጅ ሁሉ ይህን ሥራ በአንደበቱ ይሠራ ነበር። የሰውን ግጥም የራስ አስመስሎ ማቅረብ ወይም የባለቤቱን ስም ሳይጠሩ ማለፍ ነውር ነው። ቃሉን መለወጥም እንደዚያው ነው። ሐዲስ ከነሰነዱ የቀራ ደረሳ ይህን ሲሰማ ባዕድ ነገር አይሆንበትም።

የግጥሙም አሠራር ራሱ ጠባቂ አለው። የእኛ የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ነው። የሶማሌው ግን በቃላት መነሻ ድምፅ ነው። ገጣሚው «መ»ን ከመረጠ በየስንኙ ቢያንስ አንድ በ«መ» ድምፅ የሚጀምር ቃል፣ መስጊድ ወይም መንገድ ወይም መከራ ወይም ምሕረት፣ መኖር ግዴታው ነው። ግጥሙ መቶ ስንኝ ቢሆን በመቶውም ያው ድምፅ ይጠበቃል። በዚህ ላይ የረጅምና የአጭር ድምፅ ቆጠራ አለ፤ ተጅዊድ የተማረ ሰው መድን አለቦታው መሳብ ምን እንደሚያበላሽ ስለሚያውቅ ነገሩ በቶሎ ይገባዋል። ያን የቆጠራ ሕግ ገጣሚዎቹ በጆሯቸው ይዘውት ኖሩ እንጂ የጻፈው አልነበረም። የሐድራዊ ጓደኛ የሆነው ገጣሚ ሙሐመድ ሐሺ ዳማዕ፣ ጋሪዬ የሚባለው፣ በ1976 በሞቃዲሾ ጋዜጣ ላይ አስረድቶ አወጣው። ስለዚህ ከመሀል አንድ ቃል ቢለወጥ ሰሚው ወዲያው ያውቃል።

ሐድራዊ የተወለደው በ1943 በቡርዖ አካባቢ፣ በጊዜው በእንግሊዝ ይገዛ በነበረው የሶማሌ ምድር፣ ከግመል አርቢ ቤተ ሰብ ነው። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ባሕር ተሻግሮ ኤደን ወደሚኖር አጎቱ ተላከ። ትምህርቱን እዚያ ተማረ፤ አስተማሪም ሆነ። ሐድራዊ የተባለውም በዚያ በትምህርት ቤት ሲሆን መነሻው ወሬ የሚወድ፣ ተናጋሪ ማለት ነው። የእኛ አገር አንባቢ ሐድራ ሲባል የዱዓና የመንዙማ መጅሊስ ትዝ ይለዋል። እንዲያ መተርጎሙም ለሰውየው አያንስበትም እላለሁ፤ ግን የስሙ መነሻ ያ አይደለም።

በ1967 ወደ ሞቃዲሾ ገባ፤ በሬዲዮ ሠራ፤ በላፎሌም ተማረ። በዚያን ጊዜ ስሙን በየቤቱ ያስገቡት ለዘፋኞች የሰጣቸው የፍቅር ግጥሞች ናቸው። ይህን ልደብቅ አልፈልግም። አንዳንድ ወንድሞች ሰውን ሊያመሰግኑ ሲነሱ ግማሹን ሕይወቱን ቆርጠው ይጥላሉ። እኔ ዘፈኑን ለማንም አልመክርም። ነገር ግን ያ ሰው በፍቅር ግጥም የገነባውን ስም ምን ላይ እንዳዋለው ማየት ይገባል። ብዙ ሰው ስም ሲያገኝ ስሙን ይበላበታል።

በጥቅምት 1969 ጄኔራል ሲያድ ባሬ ሥልጣን ያዘ። ልክ በሦስተኛው ዓመት፣ በጥቅምት 1972፣ ለሶማሊኛ የላቲን ፊደል ተደነገገለት። በዐረብኛ ፊደል እንዲጻፍ ይፈልጉ የነበሩ ዑለማዎች ነበሩ፤ የእኔም ልብ ወደ እነርሱ ያደላል። ይሁን እንጂ በዚያ ፊደል ብዙ ሕዝብ ማንበብ መማሩን አልክድም። መንግሥቱ ለገጣሚዎች ደግ ነበር፤ ሬዲዮ ሰጣቸው፣ ቲያትር ቤት ሰጣቸው፣ ደመወዝ ሰጣቸው። በምትኩ የሚፈልገው ውዳሴ ነው።

ሐድራዊ ያን ውዳሴ አልሰጠም። በ1973 ገደማ «ሲንሌይ» የተባለው የግጥም ሰንሰለት ተነሳ። ስሙ የመጣው ከ«ሲን» ፊደል ነው፤ የሁሉም ግጥሞች መነሻ ድምፅ «ሰ» ነበር። አንዱ ገጣሚ ይጀምራል፣ ሌላው በዚያው ድምፅ ይመልስለታል፣ ሦስተኛው ይቀጥላል። ሐድራዊ በዚህ ሰንሰለት የወታደሮቹን አገዛዝ ነካ፤ በዚያው ዓመት «ተዋዋዕ» የተባለ፣ ሙሾ እንደ ማለት የሆነ ቲያትርም ጻፈ። ንግግሩ ግልጽ ስድብ አልነበረም። በሶማሌ ግጥም ውስጥ ላም የምታጠባን ግመል ጠርቶ አገርን ማለት የታወቀ መንገድ ነው፤ የእኛ አባቶች ሰምና ወርቅ እንደሚሉት ነው። ባለሥልጣኖቹ ግን ወርቁን ለማግኘት አልተቸገሩም። ተያዘ። ቀንሰሕ ዴሬ በተባለ ራቅ ያለ ሥፍራ እስከ 1978 ድረስ ለአምስት ዓመት ያህል ታሰረ።

አንባቢ ሆይ፣ የዘመኑን ክብደት ለመገመት አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሐድራዊ እስር ላይ ሳለ፣ በጥር 1975፣ አዲሱን የቤተ ሰብ ሕግ በመስጊድ በመቃወማቸው አሥር ዑለማዎች ሞቃዲሾ ላይ በጥይት ተረሽነዋል። ኢማምና ገጣሚ በአንድ መንግሥት ዓይን እኩል ጠላት የሆኑበት ጊዜ ነበር። ሁለቱም መሣሪያቸው ምላስ ነው፤ ሁለቱንም ሰው ተሰብስቦ ያዳምጣቸዋል። እኔ በሚንበር ላይ ስቆም ይህ ነገር ትዝ ይለኛል፤ ደስ የሚል ትዝታም አይደለም።

ከእስር ሲወጣ በአገሪቱ የሳይንስ፣ የሥነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ የኪነ ጥበብ ክፍል ኃላፊ ተደረገ። እንዲህ ያለ ሹመት ለብዙ ሰው አፍ መዝጊያ ይሆናል። አምስት ዓመት የታሰረ ሰው ደመወዙን ይዞ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድበትም ነበር። ዳሩ ግን በ1979 «ዴሌይ» የሚባለው ታላቁ ሰንሰለት ተጀመረ። ይህ ደግሞ ከ«ዳል» ፊደል የተነሳ ነው። የከፈተው ጋሪዬ ነው፤ የመጀመሪያ ግጥሙም ጎሠኝነትን የሚያወግዝ ነበር። ሐድራዊ ገባበት፤ ከዚያም ደጋፊ፣ ተቃዋሚ፣ መንግሥትን የሚከላከል ሁሉ በ«ደ» እየገጠመ ተቀላቀለ።

ይህ ሁሉ የትኛውም ማተሚያ ቤት ሳይገባ ነበር። ሥራውን የሠራው ካሴት ነው። አንዱ ቤት ውስጥ ተቀድቶ፣ በሹፌር ኪስ ከተማ ተሻግሮ፣ እንደገና ተቀድቶ፣ ድምፁ እስኪሻክር ድረስ ይዞር ነበር። የካሴትን ዘመን የምታስታውሱ ሁሉ የሸኾቻችን ሙሐደራና መንዙማ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት ይዞር እንደ ነበር ታውቃላችሁ። መጽሐፍ ቢሆን ይያዛል፣ ይቃጠላል። ካሴት ቢያዝ ግን ሰሚው በቃሉ ይዞታል።

በ1982 ሐድራዊ አገሩን ጥሎ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ፤ የጦር ሠፈሩን በእኛ አገር ካደረገው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ጋርም ተቀላቀለ። እዚህ ላይ ነገሩ ከእኛው ታሪክ ጋር ይገናኛል። ደርግ የራሱን አገር ደራሲዎች አፍ እየዘጋ የጎረቤቱን ገጣሚ ያስጠልል ነበር፤ በዓሉ ግርማ በ1984 አዲስ አበባ ላይ ጠፍቶ የቀረው በዚያው ጊዜ ነው። ሞቃዲሾም በበኩሏ የእኛን መንግሥት ተቃዋሚዎች ታስጠልል ነበር። በሚያዝያ 1988 ሁለቱ መንግሥታት አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላለመርዳት ተስማሙ። ንቅናቄው በግንቦት ወደ ቡርዖና ወደ ሐርጌሳ ዘልቆ ገባ፤ መንግሥት ደግሞ ሐርጌሳን በገዛ አውሮፕላኖቹ ደበደባት። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ እየሸሸ ወደ እኛ አገር ገባ። ሐርቲሼክ የሚባለውን የስደተኞች ሠፈር በጅጅጋ በኩል የሄደ ሁሉ ያስታውሰዋል። የድሬዳዋው ጓደኛዬ ቤተ ሰቦች በዚያ መንገድ የመጡ ናቸው። ዕቃ አልያዙም፤ ግጥሙን ይዘው ነው የመጡት።

ሐድራዊ ጠመንጃ ካነሳ ወገን ጋር መቆሙ ይጠየቃል፤ ወጣቶቹም ጠይቀውኛል። የመለስኩት እንዲህ ብዬ ነው። የተበደለ ሰው ራሱን መከላከሉን አንቀጹ ራሱ ለይቶ አውጥቶታል። ሆኖም ቃል ከደም አጠገብ ሲቆም መጨረሻው የት እንደሚደርስ ተናጋሪው አያውቅም። ሲያድ ባሬ በጥር 1991 ወደቀ፤ የተጠበቀው ሰላም ግን አልመጣም፤ ጎሣ ከጎሣ ተፋጀ። «ዴሌይ» የተጀመረበት ያ የጎሠኝነት ነገር፣ ግጥሙ እያንዳንዱ ሰው አፍ ላይ እያለ፣ አገሩን በላው። ግጥም ከጥፋት ያድናል ብዬ ለወጣቶች መናገር አልችልም። አላዳነም።

የሰውየውን ሚዛን ያየሁት ከዚህ በኋላ ባደረገው ነው። ከ1991 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ኖረ፤ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በየመድረኩ ይጋበዝ ነበር። እዚያው መቅረት ይችል ነበር። በ1999 ተመልሶ ሐርጌሳ ተቀመጠ። በ2003 ደግሞ ስድሳ ዓመት ሲሞላው «የሰላም ጉዞ» ብሎ ተነሳ፤ በሶማሌ ምድር ከከተማ ወደ ከተማ እየሄደ የተጣሉትን ታረቁ ይል ነበር። በመሣሪያ የታጠሩ መንገዶች ላይ መሣሪያ ሳይይዝ ነው የሄደው። ሰው ሁሉ ስለ ሰላም ይናገራል፤ እኔም በየጁሙዓው እናገራለሁ። ስንቶቻችን ነን ተነስተን የሄድነው?

ስለታተሙት ሥራዎቹ ለሚጠይቅ አንባቢ፣ ዋናው የግጥሞቹ ስብስብ «ሐል-ከራን» ይባላል፤ በ1993 በኖርዌይ ታተመ። ልብ በሉ፣ ሕዝቡ ግጥሙን በቃሉ ካጠና ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፤ ያውም በሰው አገር። በ2012 ከኔዘርላንድ የሚሰጠውን የፕሪንስ ክላውስ ሽልማት አገኘ። በ2013 ደግሞ ከግጥሞቹ ጥቂቱ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሰው ለንደን ላይ በመጽሐፍ ወጡ። እኔ ትርጉሙን አይቻለሁ። አሳቡ ይገባል፤ ያ በየስንኙ እየተመላለሰ የሚመታው ድምፅ ግን የለም። ጨለማ ውስጥ ተጋድሞ የሰማውን ሰው ወረቀቱ አያጠግበውም። ቋንቋውን የሚያውቅ ጎረቤት ያለው ሰው መጽሐፉን ከመግዛቱ በፊት ጎረቤቱን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ሐድራዊ ነሐሴ 18 ቀን 2022 በሐርጌሳ አረፈ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ይዘንለት፣ ስሕተቱንም ይቅር ይበለው።

አሁን ወደ ተነሳንበት ልመለስ። ለወጣቶቹ የዒድ ግጥም ፈቀድኩ፤ ነገር ግን አንድ ደንብ አበጀሁ። ግጥም የሚያቀርብ ሁሉ መጀመሪያ የገጣሚውን ስም ይጥራ፤ ከማን እንደ ተቀበለውም ይናገር። የራሱ ከሆነ ደግሞ የራሴ ነው ይበልና በተናገረው ይጠየቅ። ደንቡ ቀላል ቢመስልም በመጀመሪያው ቀን አራት ልጆች ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ግጥሙን ከስልክ ላይ አግኝተውት የማን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ሁለቱ ጠይቀው አግኝተው መጡ።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ለእኔ ሩቅ አገር አይደለም። የእኛም ሸኾች፣ እንደ ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉት፣ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ ግጥም ትተውልናል። ከጀመዓችን አንድ አባት ነበሩ፤ የመስጊዱ ግንብ ከመነሳቱ በፊት ጀምሮ በየመውሊዱ መንዙማ የሚያወጡት እርሳቸው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ «ጻፉልን» ያላቸው የለም፤ እኔም አላልኳቸውም። ከአንዴም ሁለት ጊዜ ልጃቸው «አባባን ቅዳልን» ብላኝ ከረመዳን በኋላ ብያታለሁ። ሲሞቱ አንድ ደብተር አምጥታ ሰጠችኝ። በዐጀሚ የተጻፈ ነው፤ ጽሕፈቱ ያማረ ነው። ስከፍተው ግን በብዙው ገጽ ላይ ያለው የየስንኙ መነሻ ሁለትና ሦስት ቃል ብቻ ሆኖ አገኘሁት። የቀረውን ስለሚያውቁት አልጻፉትም።

ወጣቶቹ ደብተሩን ገልብጠውታል። ሃያ ሰባት መንዙማ ነው። ሦስቱን በሠፈራችን ያሉ አንዲት እናት ከልጅነታቸው ስለሚያውቁት ሞልተውልናል፤ አንዱን ደግሞ የቀድሞው ሙአዚናችን እስከ እኩሌታው ድረስ ብለውታል። ሃያ ሦስቱ እንደ ነበሩ ናቸው። ይህን የምታነቡ ከእርሳቸው የሰማችሁ፣ ወይም ከሰማ ሰው የሰማችሁ፣ አንድ ስንኝም ብትሆን፣ ቅዳሜና እሑድ ከዐስር በኋላ በመስጊዱ የመጻሕፍት ክፍል ውስጥ እንጠብቃችኋለን። ከማን እንደ ሰማችሁት ማስታወስ እንዳትረሱ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።